በመኖሪያ ሰፈር የጓሮ ዶሮ አያያዝ፤ ደንቡና የጉርብትና ግዴታው

ለጊንጪ፣ ለአምቦና ለሌሎች የምዕራብ ሸዋ ከተሞች ዶሮ አርቢዎች የተዘጋጀ ትምህርት

1. መግቢያ

በጊንጪም ሆነ በአምቦ መንገድ ላይ በሚገኙት ሌሎች ከተሞች ዶሮ በጓሮ ማርባት የቆየ ልማድ ነው። የእንቁላሉ ገንዘብ በአብዛኛው በእናቶች እጅ ይገባል፤ ጨው፣ ቡና፣ ሳሙናና የተማሪ ደብተር የሚገዛውም ከዚሁ ነው። ለበዓል የሚታረደው ዶሮ ከጓሮ ሲገኝ ደግሞ የቤቱ ወጪ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ መንግሥት በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ከተማ የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርን ካስጀመረ ወዲህ እንቁላል፣ ዶሮ፣ ወተትና ማር በየቤተሰቡ እንዲመረት ሰፊ ቅስቀሳ ተደርጓል።

ይሁን እንጂ ከተማ እንደ ገጠር አይደለም። በገጠር ዶሮዋ ተለቃ ስትጭር ብትውል በአብዛኛው የምትጭረው የባለቤቷን ደጅ ነው። በከተማ ግን ግቢ ከግቢ ስለተያያዘ ጥቂት እርምጃ ስትሄድ ከጎረቤት ጓሮ ትገባለች። «ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ» የሚለው ተረት በከተማ በሌላም መንገድ ይሠራል፤ ካራው ጠብ ሆኖ ይወጣል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት እናት 15 የሐበሻ ዶሮዎች አሏቸው እንበል። ዶሮዎቹ ጠዋት ይለቀቃሉ፤ ማታ ከማድ ቤት ቆጥ ላይ ይሰፍራሉ። ጎረቤታቸው ደግሞ በትንሽ መደብ ላይ የጎመንና የሽንኩርት ችግኝ አፍልተዋል። ዶሮዎቹ በአጥሩ ሥር ሾልከው ገብተው በአንድ ጠዋት ችግኙን ይጨርሱታል። የመጀመሪያው ቀን በይቅርታ ያልፋል። በሦስተኛው ቀን ድንጋይ ይወረወርና አንዲት ዶሮ ትሞታለች። በሳምንቱ ነገሩ ቀበሌ ይደርሳል። በመጨረሻም እናትየዋ ጭቅጭቁ ሰልችቷቸው ዶሮዎቻቸውን ሁሉ በአንድ የገበያ ቀን በረከሰ ዋጋ ሸጠው ይገላገላሉ። ጎረቤትየው ችግኛቸውን፣ እናትየዋ የእንቁላል ገንዘባቸውን፣ ሁለቱም ጉርብትናቸውን አጡ ማለት ነው።

እንዲህ ያለው ጥፋት ሊቀር የሚችል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ፍሬ ነገርም አንድ ነው፤ ይኸውም በመኖሪያ ሰፈር ጥቂት የተሻሻሉ ዶሮዎችን በአጥር ውስጥ በንጽሕና የያዘ አርቢ ብዙ ዶሮ ከሚለቅ አርቢ ያላነሰ እንቁላል ያገኛል፤ ከደንብም ከጎረቤትም ጋር አይጋጭም።

2. ሕግና ደንብ ምን ይላል?

2.1 የከተማ ቦታና የማዘጋጃ ቤት ሥልጣን

የከተማ ግቢ ስፋት የተወሰነ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የሚሰጠው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሕዝብ እየበዛ ሲሄድ አዲስ የሚሰጡት ቦታዎች ከዚህ በጣም እያነሱ መጥተዋል። ከዚህ ላይ መኖሪያ ቤቱ፣ ማድ ቤቱና መፀዳጃው ሲቀነሱ ለጓሮ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ማዘጋጃ ቤቶች በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 74 ሕጋዊ መሠረት ካገኙ ጊዜ ጀምሮ የከተማን ንጽሕና መጠበቅ ከዋና ሥራዎቻቸው አንዱ ሆኖ ቆይቷል። በኦሮሚያ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከተሞች አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 65 ከተሞች የራሳቸውን አገልግሎት የሚመሩበትን አቋም አበጅቷል። ስለዚህ በሰፈር ዶሮ ለማርባት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። የዶሮ ቤት ለመሥራት እንጨትና ቆርቆሮ ከመግዛቱ በፊት የሚከተሉትን አራት ጥያቄዎች ጠይቆ የሚሰጠውን መልስ በጽሑፍ ቢይዝ ይጠቀማል።

ሀ) ቦታው በከተማው ፕላን ለመኖሪያ ብቻ ነው ወይስ ለከተማ ግብርናም የተፈቀደ ነው?
ለ) ያለ ልዩ ፈቃድ ሊያዝ የሚችለው የዶሮ ብዛት ስንት ነው? ለሽያጭ ሲሆንስ የንግድ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?
ሐ) የዶሮው ቤት ከአጥር፣ ከመንገድና ከጎረቤት ቤት ምን ያህል መራቅ አለበት?
መ) ኩሱና የሞተ ዶሮ የት ይወገዳል?

2.2 የፍትሐ ብሔር ሕግ

ማዘጋጃ ቤቱ ስለ ዶሮ የተለየ ደንብ አወጣም አላወጣም፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጎረቤታሞችን ሁሉ ያስተዳድራል። አንቀጽ 1225 አንድ ባለ ንብረት በጎረቤቱ ላይ ጉዳት ወይም ሁከት እንዳያደርስ ይከለክላል። ከመልካም ጉርብትና ወሰን ያለፈ ጢስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታና ጩኸት ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። ሕጉ የአገሩን ልማድና የቦታውን ሁኔታ ከግምት እንደሚያስገባ ልብ ማለት ያስፈልጋል። በጊንጪ የዶሮ ድምፅ መሰማቱ ብቻውን ጥፋት አይሆንም፤ ከወሰን ሲያልፍ ግን ጥፋት ይሆናል።

እንዲሁም አንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። እንስሳው ከባለቤቱ ሳያስበው ያመለጠ ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። ስለዚህ በምሳሌአችን ላይ ያሉት እናት «እኔ አላየኋቸውም፤ ራሳቸው ሾልከው ነው» ቢሉ የችግኙን ካሣ ከመክፈል አይድኑም። በሌላ በኩል ጎረቤትየው በራሳቸው ይዞታ ላይ ጉዳት ያደረሰችውን ዶሮ ለካሣው መያዣ አድርገው ሊይዟት ይችላሉ፤ ነገር ግን ወዲያው ለባለቤቷ ማስታወቅ አለባቸው። በበቀል ድንጋይ መወርወር ወይም በመርዝ የተለወሰ እህል መበተን መፍትሔ አይደለም። መርዙ ዶሮ ከሕፃን አይለይምና።

2.3 በሽታን የሚመለከት ሕግ

በ1994 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት በሽታዎችን ስለመከላከልና ስለመቆጣጠር የተደነገገው አዋጅ ቁጥር 267 ያቆመው መሠረታዊ ሐሳብ ይህ ነው፤ ተዛማች በሽታ መኖሩን የጠረጠረ የእንስሳ ባለቤት ዝም ሊል አይገባውም፤ በአቅራቢያው ላለው የእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ አለበት። በ2014 ዓ.ም. በክረምት መግቢያ ላይ በቢሾፍቱና በአዲስ አበባ አካባቢ የዶሮ በሽታ በታየ ጊዜ የግብርና ሚኒስቴር የዶሮና የዶሮ ውጤቶችን ዝውውር ለጊዜው አግዶ እንደነበር የሚታወስ ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ ግቢ ውስጥ የተደበቀ በሽታ የብዙ ሰፈር ገበያ ሊያዘጋ እንደሚችል ነው።

2.4 የሌሎች አገሮች ልምድ

ይህ ጉዳይ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። የካምፓላ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 በከተማ ውስጥ እንስሳት ስለሚያዙበት ሁኔታ ደንብ አውጥቷል። ናይሮቢም እ.ኤ.አ. በ2015 የከተማ ግብርናን የሚያበረታታና የሚቆጣጠር ሕግ አውጥታለች። በአሜሪካ የኒው ዮርክ ከተማ ነዋሪ ሴት ዶሮዎችን በግቢው እንዲይዝ ይፈቀድለታል፤ አውራ ዶሮ ግን ተከልክሏል። የየአገሩ ደንብ ቃሉ ቢለያይም በአብዛኛው የሚያተኩረው በአምስት ነገሮች ላይ ነው፤ እነዚህም ብዛት፣ ርቀት፣ ንጽሕና፣ የአውራ ዶሮ ጩኸትና በሽታ ናቸው።

3. ቅሬታ የሚነሣባቸው ነገሮችና መከላከያቸው

ደንብ የሚወጣው ቅሬታ ስላለ ነው። ስለዚህ አርቢው የቅሬታውን ምክንያት ካወቀ ደንቡን ማክበር አይከብደውም።

ሀ) ከግቢ መውጣት። ከሁሉ የበለጠ ጠብ የሚያመጣው ይህ ነው። መከላከያው ዶሮዎችን በሽቦ መረብ በታጠረ ግቢ ውስጥ ማዋል ነው። ሽቦ የማይገኝ ከሆነ ቀርከሃ ወይም በጥብቅ የተጠላለፈ ጭራሮ ያገለግላል። አጥሩ ከ1 ሜትር ከ80 ሣንቲ ሜትር ያላነሰ ከፍታ ይኑረው፤ ሥሩም 20 ሣንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይቀበር። ቀላል ዝርያ የሆነችና የምትዘል ዶሮ ካለች የአንድ ክንፏን ረጃጅም ላባዎች መቁረጥ ይበቃል፤ አያማትም፤ ላባው ሲለወጥ ግን መድገም ያስፈልጋል።

ለ) ሽታና ዝንብ። ደረቅ ኩስ ብዙ አይሸትም፤ የሚሸተው ርጥብ ኩስ ነው። ስለዚህ ሽታን መከላከል ማለት ርጥበትን መከላከል ማለት ነው። ዝንብ እንቁላል ከጣለችበት ቀን ጀምሮ አዲስ ዝንብ እስኪወጣ ድረስ በሞቃት ወቅት ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል፤ በብርድ ጊዜ ይረዝማል። በቆጡ ሥር ያለውን ኩስ በየሳምንቱ የሚጠርግ አርቢ እንግዲህ ዝንቧን ሳትፈለፈል ይቀድማታል ማለት ነው። «በየሳምንቱ ይጠረግ» የሚለው ምክር የመጣው ከዚህ ነው።

ሐ) የአውራ ዶሮ ጩኸት። ብዙ ሰዎች አውራ ከሌለ ሴቷ እንቁላል የማትጥል ይመስላቸዋል። ይህ ስሕተት ነው። ሴት ዶሮ ያለ አውራም እንቁላል ትጥላለች። አውራው የሚያስፈልገው እንቁላሉ ታቅፎ ጫጩት እንዲሆን ሲፈለግ ብቻ ነው። እንዲያውም አውራ ያልነካው እንቁላል ሳይበላሽ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ለእንቁላል ብቻ የሚያረባ የከተማ ነዋሪ አውራ ባይይዝ ይሻለዋል። ለበዓል የተገዛ አውራ ደግሞ እስኪታረድ ድረስ ማታ በጨለማ ቤት ቢዘጋና ሙሉ በሙሉ እስኪነጋ ባይወጣ ጩኸቱ ይቀንሳል።

መ) አይጥና ሸለምጥማጥ። የሚስባቸው የተበተነ መኖ ነው። ማታ የተረፈውን መኖ ማንሣት፣ የመኖ ከረጢቱን ክዳን ባለው በርሜል ውስጥ ማስቀመጥና በዶሮው ቤት ዙሪያ ሣርና ቁጥቋጦ አለማሳደግ ይገባል።

ሠ) የሕፃናት ጤና። ዶሮ ከሰው ጋር በአንድ ቤት ማደሩ ሌባና አውሬ ስለሚፈራ የመጣ ልማድ ነው። ነገር ግን በኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰቦች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ሁለት ነገር አሳይቷል። ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ሕፃናት በቁመታቸው የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል፤ ዶሮ ሰው በሚተኛበት ቤት የሚያድርባቸው ሕፃናት ግን በቁመታቸው ያነሱ ሆነው ታይተዋል። ሕፃን በወለል ላይ ሲድህ የኩስ ቁራጭ ወደ አፉ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ ዶሮዋ ለሕፃኑ እንድትጠቅም እንቁላሏ ወደ ቤት ይግባ፤ እርሷ ግን በራሷ ቤት ትደር።

4. በአንድ ጓሮ ስንት ዶሮ ይበቃል?

ብዙ አርቢዎች የቁጥር ገደብ ሲነሣ ገቢያቸው የሚቀነስ ይመስላቸዋል። እስቲ እናስላው።

የሐበሻ ዶሮ ተለቃ እየጫረች በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ቀሪውን ጊዜ ታቅፋና ጫጩት እየመራች ታሳልፋለች። የተሻሻለች ዶሮ በጓሮ በመልካም አያያዝ በዓመት ከ150 እስከ 200 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። በምሳሌአችን የተነሡት እናት 15 የሐበሻ ዶሮዎች ነበሯቸው። እያንዳንዷ 50 እንቁላል ብትጥል በዓመት 750 ይሆናል። ይህንኑ 750 እንቁላል እያንዳንዳቸው 150 የሚጥሉ 5 የተሻሻሉ ዶሮዎች ይሰጣሉ። አሥር ዶሮ ከግቢው ወጣ፤ አንድ እንቁላል ግን አልቀነሰም።

ነገር ግን እዚህ ላይ መደበቅ የማይገባ እውነት አለ። ዶሮን በአጥር ውስጥ ማዋል መኖ መግዛትን ያስከትላል። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ያህል መኖ ትበላለች፤ ከሩብ ሊትር ያላነሰ ውሃም ሊቀርብላት ይገባል። የሐበሻ ዶሮን ዘግቶ መኖ እየገዙ ማብላት አያዋጣም፤ የምትጥለው እንቁላል የመኖዋን ዋጋ አይመልስምና። ስለዚህ «ዶሮህን ዝጋ» የሚለው ደንብ ብቻውን ድሃውን አርቢ ይጎዳል። ደንቡ አርቢውን የሚጠቅመው ዝርያውን ከመለወጥ ጋር ሲያያዝ ነው።

ሌላ ስሌት ደግሞ እንጨምር። 12 የተሻሻሉ ዶሮዎች በቀን 1 ኪሎ ግራም ተኩል ያህል መኖ ይበላሉ። በቀን 7 እንቁላል ቢጥሉ አንድ ኪሎ መኖ 5 እንቁላል ገደማ አስገኘ ማለት ነው። ስለዚህ አርቢው በገበያ ቀን የሚያመዛዝነው ቀላል ነው፤ የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ ከአምስት እንቁላል ዋጋ ካነሰ ያተርፋል፤ ከበለጠ ይከስራል። ወጪውን ለመቀነስ የጎመን ቅጠል፣ ያልሻገተ የእንጀራ ፍርፋሪ፣ የእህል ብጣሪ፣ ፉርሽካና ጥቂት የኑግ ፋጉሎ መጨመር ይቻላል። ተፈጭቶ የደቀቀ ኖራ ወይም ደርቆ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት ባይለያቸው የእንቁላሉ ልባስ ይጠነክራል።

የኩሱም ነገር ይታሰብ። አንዲት ዶሮ በቀን ከ100 ግራም በላይ ርጥብ ኩስ ትጥላለች። የ12 ዶሮ ኩስ በወር 40 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ አንድ ቤተሰብ በጓሮው ብስባሽ አድርጎ ሊጠቀምበት ይችላል። የ50 ዶሮ ኩስ ግን በወር ከ160 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል። ይህን በጠባብ ግቢ ውስጥ ማከማቸት ጎረቤትን ማስቸገር ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ የተለየ ቁጥር ካልወሰነ በቀር ለአንድ መደበኛ የከተማ ጓሮ ከ5 እስከ 12 ዶሮ እንዲሆን እንመክራለን። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ሰው ከመኖሪያ ሰፈር ውጪ ቦታ ቢጠይቅ ይሻላል።

5. የዶሮ ቤት በጊንጪ መሬት ላይ

ጊንጪ ከባሕር ወለል በላይ 2200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት ብርዱ ይጠነክራል። በአካባቢው ብዙው መሬት ጥቁር መረሬ አፈር ነው፤ በኦሮምኛ ኮትቻ ይባላል። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ይቋጥራል፤ በበጋ ይሰነጣጠቃል። ገበሬው ውሃውን ለማጠንፈፍ መደብና ቦይ እንደሚያበጅ ሁሉ ዶሮ አርቢውም እንዲሁ ማድረግ አለበት። በመረሬ ላይ ያለ መደብ የተሠራ የዶሮ ቤት በሐምሌ ወር ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃው ይሸታል፤ ሽታው ጎረቤት ዘንድ ይደርሳል።

ሀ) ወለል። ከመሬት 30 ሣንቲ ሜትር ያህል በድንጋይና በገረጋንቲ ከፍ ይበል፤ ዙሪያውን ትንሽ የውሃ ማፍሰሻ ቦይ ይቆፈር። ቦዩ ወደ ጎረቤት ግቢ እንዳያፈስስ ጥንቃቄ ይደረግ። በዙሪያው 50 ሣንቲ ሜትር የሚያህል የቆርቆሮ ወይም የሣር ክዳን ከግድግዳው አልፎ ይውጣ።

ለ) ስፋት። ለአንድ ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ዶሮ ይበቃል። ለ12 ዶሮ 2 ሜትር በ1 ሜትር ተኩል የሆነ ቤት በቂ ነው። ለመዋያ የሚታጠረው ደጅ ለእያንዳንዷ ቢያንስ 1 ካሬ ሜትር ይሁን።

ሐ) ጉዝጓዝ። ደረቅ የጤፍ ወይም የስንዴ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ከ10 እስከ 15 ሣንቲ ሜትር ውፍረት ይነጠፍ። በየሳምንቱ በመንሽ ይገላበጥ፤ የረጠበው ይውጣ፤ ደረቅ ይጨመር።

መ) ቆጥና መጣያ። ለእያንዳንዷ ዶሮ 20 ሣንቲ ሜትር ቆጥ ያስፈልጋል። እንቁላል መጣያ ሣጥን 30 ሣንቲ ሜትር በ30 ሣንቲ ሜትር ሆኖ ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ አንድ ይበቃል። ሣጥኑ ጨለም ባለ ቦታ ይቀመጥ።

ሠ) አየር። የላይኛው የግድግዳ ክፍል በሽቦ መረብ ክፍት ይሁን። ብርዱን ፈርቶ ቤቱን ሙሉ በሙሉ መድፈን ስሕተት ነው፤ ከኩሱ የሚወጣው ጋዝ የዶሮውን ዓይንና ሳንባ ይጎዳል። ለሌሊት ብርድ በነፋስ በኩል ያለውን ጎን ብቻ በጆንያ መጋረድ ይበቃል።

ረ) ርቀት። ቤቱ ከጎረቤት መኝታ ቤት መስኮትና ማድ ቤት በተቻለ መጠን ይራቅ። ከውሃ ጉድጓድ ደግሞ ቢያንስ 15 ሜትር መራቅ አለበት።

ከቤቱ የሚወጣው ኩስና ጉዝጓዝ ሦስት እጅ ጭድና ቅጠል ለአንድ እጅ ኩስ ሆኖ ተቀላቅሎ፣ በአፈር ወይም በቅጠል ተሸፍኖ ቢከመር በውስጡ ይግላል። በየሁለት ሳምንቱ ከተገላበጠ በሦስት ወር ገደማ ሽታ የሌለው ጥሩ ብስባሽ ይሆናል። ትኩስ ኩስ በቀጥታ በችግኝ ሥር መጨመር ግን ችግኙን ያቃጥላል።

6. ፈንግልና የጋራ ክትባት

በጓሮ ዶሮ ላይ ከሁሉ የከፋው በሽታ ፈንግል ነው። የታመመች ዶሮ ትተክዛለች፤ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፤ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፤ አንገቷ ይጠመዘዛል። ያልተከተቡ ዶሮዎች ዘንድ ከገባ ቆጡን ባዶ ሊያስቀር ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚገባው ለበዓል ከገበያ በተገዛ ዶሮ ነው። ስለዚህ አዲስ የተገዛ ዶሮ ከሌሎቹ ጋር ከመቀላቀሉ በፊት 14 ቀን ለብቻው መቆየት አለበት።

ለፈንግል መድኃኒት የለውም፤ መከላከያው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱ በቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት አምራች ኢንስቲትዩት ይመረታል። ጫጩቶች በመጀመሪያው ሳምንት ኤችቢ ዋን የተባለው በዓይናቸው ይንጠባጠብላቸዋል፤ ወደ አራተኛው ሳምንት ገደማ ላሶታ የተባለው በመጠጥ ውሃ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያም በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። ጫጩት ለማሳደግ የማይመቸው የከተማ ነዋሪ 45 ቀን ያህል ያደጉና የተከተቡ ቄቦችን ከታመነ አሳዳጊ ቢገዛ ይቀለዋል፤ ክትባት የተሰጠበትን ቀን ግን ጠይቆ መመዝገብ አለበት።

አንድ ነገር ልብ ይባል። አንድ የክትባት ብልቃጥ 100 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ዶሮ የሚበቃ ነው። ከተበጠበጠ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ያገለግላል፤ ለነገ አይቀመጥም። አምስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ብትገዛ አብዛኛው ይደፋል። በአንድ ሰፈር ያሉ አሥር ቤቶች በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ግን ወጪው ለየቤቱ ጥቂት ይሆናል፤ በሽታውም በአጥር አልፎ የሚገባበት ቀዳዳ ይዘጋል። ፈንግል አጥር አያውቅምና የጎረቤትን ዶሮ ማስከተብ የራስን ዶሮ ማዳን ነው።

በውሃ ሲሰጥ ዶሮዎቹ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያህል ውሃ ሳይጠጡ ይቆዩ። ክሎሪን የገባበት የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ስለሚገድል የዝናብ ወይም ንጹሕ የጉድጓድ ውሃ ይጠቅማል። ክትባቱ ከክሊኒክ እስከ ሰፈር በበረዶ መያዣ ይምጣ፤ ፀሐይ አይንካው።

የሞተ ዶሮ ወደ ቦይ ወይም ወደ መንገድ መጣል፣ ለውሻ መስጠት ወይም የታመመውን አርዶ መሸጥ ፈጽሞ አይገባም። ከውሃ ጉድጓድ ርቆ፣ ከግማሽ ሜትር በላይ ተቆፍሮ፣ አመድ ወይም ኖራ ተጨምሮበት ይቀበር። በአንድ ጊዜ ብዙ ዶሮ ከሞተ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ወዲያው ይነገር።

7. የሰፈር ስምምነት ናሙና

ከላይ የወረደ ደንብ ብቻውን በቂ አይደለም። ጎረቤታሞች በዕድር ወይም በቀበሌ ስብሰባ ተስማምተው የሚጽፉት ውል ይበልጥ ይከበራል። ለመነሻ እንዲሆን የሚከተለውን ናሙና አቅርበናል። ስምምነቱ ለማዘጋጃ ቤቱ ቀርቦ ከከተማው ደንብ ጋር የማይጋጭ መሆኑ መረጋገጥ አለበት።

1ኛ) እያንዳንዱ ቤት የሚይዘው ዶሮ ከ12 አይበልጥም።
2ኛ) ዶሮ በታጠረ ቦታ ይውላል፤ ከግቢ አይለቀቅም።
3ኛ) አውራ ዶሮ በቋሚነት አይያዝም። ለበዓል የተገዛ ቢበዛ 3 ሳምንት ይቆያል፤ በዚያም ጊዜ ከሌሎቹ ዶሮዎች ተለይቶ ይቀመጣል።
4ኛ) የዶሮ ቤት በየሳምንቱ ይጠረጋል፤ ኩሱ ተሸፍኖ ይከመራል እንጂ ወደ ቦይ አይጣልም።
5ኛ) በሰፈሩ ያለው ዶሮ ሁሉ በዓመት ሦስት ጊዜ በአንድ ቀን ይከተባል፤ ወጪው በዶሮ ቁጥር ይከፈላል።
6ኛ) ዶሮ የታመመበት ወይም የሞተበት ሰው በዚያው ቀን ለጎረቤቶቹና ለክሊኒኩ ያስታውቃል፤ ባለማስታወቁ እንጂ በመታመሙ አይወቀስም።
7ኛ) ዶሮ ያጠፋችውን ባለቤቷ ይክሳል። የጎረቤትን ዶሮ የገደለም እንዲሁ ዋጋዋን ይከፍላል።
8ኛ) ቅሬታ ያለው ሰው መጀመሪያ ለባለዶሮው በቃል ይነግራል፤ ካልተስተካከለ በሽማግሌ ወይም በጃርሳ ቢያ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቀበሌና ማዘጋጃ ቤት ይኬዳል።

ከእነዚህ ውስጥ ስድስተኛው ከሁሉ የሚበልጥ ነው። በሽታ የደረሰበት ሰው የሚወቀስና የሚቀጣ ከሆነ ይደብቃል፤ የተደበቀ በሽታም ይዛመታል።

8. ማጠቃለያ

ወደ ምሳሌአችን እንመለስ። እናትየዋ 15ቱን ዶሮዎች በርካሽ ከመሸጣቸው በፊት ይህን ምክር አግኝተው ቢሆን ኖሮ፣ ጥቂቶቹን በደህና የገበያ ቀን ሸጠው በገንዘቡ 5 ወይም 6 የተሻሻሉ ቄቦችና የሽቦ መረብ ይገዙ ነበር። ጎረቤትየው ለመኖው የጎመን ቅጠል፣ እናትየዋ ለጎመኑ ብስባሽ ይሰጣጡ ነበር። የአንዱ ትርፍ የሌላው ግብዓት ሲሆን አጥሩ መዋሰኛ እንጂ መጣያ አይሆንም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላልና ዶሮ ከመግዛት በፊት ጎረቤትን ማማከር የሥራው መጀመሪያ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በሰፈራችሁ ዶሮ ያለባቸው ቤቶች ስንት ናቸው? በአንድ ቀን ቢያስከትቡ ስንት ብልቃጥ ክትባት ይበቃቸዋል?
2. በዚህ ወር በአካባቢያችሁ ገበያ የአንድ ኪሎ መኖ ዋጋ ከስንት እንቁላል ዋጋ ጋር ይመጣጠናል? አርቢው ያተርፋል ወይስ ይከስራል?
3. ከናሙናው ስምምነት ውስጥ ለሰፈራችሁ የማይስማማው የትኛው ነው? በምን ይተካ?
4. በግቢያችሁ የክረምት ውሃ የሚቋጥረው በየት በኩል ነው? የዶሮው ቤት የት ቢሆን ይሻላል?